የግራው ከቀኙ ባይመሳሰልስ?

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን አይደለም። ራቅ ብሎ ይቆምና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከመስኮቱ ሥር የተዘረጋውን የአሉሚኒየም ጌጥ ከፊት እስከ ኋላ ይከተለዋል። ከዚያ ዞሮ በሌላው ጎን ያንኑ ያደርጋል። የግራው ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ካገኘው ዋጋ ማጣጣል ይጀምራል። «ይሄ ተጋጭቷል» ይላል። «ኦርጅናሉ ተነቅሎ ሌላ ተለጥፎበታል» ይላል። አብሮት የመጣው ደላላም ራሱን ይነቀንቃል። ደላላ ራሱን የሚነቀንቀው ለገዢው ይሁን ለሻጩ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

እኔ ካፋ፣ ቦንጋ ውስጥ ቦዲ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ በነበረ ቦዲ ቤት ውስጥ ላሜራ ከመያዝ ጀምሮ እስከ መበየድ ተምሬያለሁ። ቅጥቅጥ ከባዶ ሻንሲ ተነስቶ ቀለም እስኪቀባ ድረስ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁና በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ያ አውቶቡስ አልተጋጨም። ከቦዲ ቤቱ ሲወጣም እንዲሁ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ለጭነት የተሠራ አይሱዙ ኤንፒአር ወደ ቦዲ ቤት ይገባል። የጭነት ሳጥን ካለው ይወርዳል፤ የጋቢናው ጀርባ ይቆረጣል። ከሾፌሩ ፊት ያለው መስታወት፣ ዳሽቦርዱና መሪው አብዛኛውን ጊዜ ከጃፓን እንደመጡ ይቀራሉ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ሁሉ የእኛ ነው። በሻንሲው ላይ ቱቦላሬ ይደረደራል፤ መጀመሪያ የወለሉ፣ ቀጥሎ የጎኑ ምሰሶ፣ በመጨረሻ የጣሪያው ቅስት። የመጀመሪያው ቅስት ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ በተሣለ መስመር ልክ ይታጠፋል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ተጋድሞ ይለካል፤ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ፣ አራተኛው በሦስተኛው። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጠመኔውን የረገጠው ሰው ብዙ ነው፤ ማንም ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር አያስተያየውም። እያንዳንዷ ቅስት ከጎረቤቷ ጋር ትስማማለች። የፊተኛዋና የኋለኛዋ ግን ቢገናኙ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

ቀጥሎ ላሜራው ይለብሳል። ብየዳ ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ላሜራን ይስባል፣ ያሸበሽባል። ጥሩ በያጅ ነጥብ ነጥብ እያደረገ፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እየዘለለ ያስይዘዋል። ምሳ ሰዓት የደረሰበት በያጅ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ይለቀዋል፣ ላሜራውም መሀሉ ላይ ይነፋል። ያን ጊዜ መዶሻና ደጋፊ ብረት ይዞ ማስተኛት ነው። የቀረውን ስቱኮ ይሸፍነዋል።

የላይኛው ላሜራና የታችኛው የሚገናኙበት ስፌት ከመስኮቱ ሥር ያልፋል። ጌጥ የምንለው ያ ረጅም አሉሚኒየም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ማማር ብቻ አይደለም። ስፌቱን ይሸፍናል፤ ውኃ እንዳይገባ ያደርጋል፤ መናኸሪያ ውስጥ ሌላ መኪና ሲጠጋው ቀድሞ የሚላጠውም እሱ ነው። ስለዚህ ጌጡ የሚሄደው ስፌቱ በሄደበት ነው። ስፌቱ አንድ ጣት ከወረደ ጌጡም አብሮት ይወርዳል። በዚያ ላይ ግራውን አንድ ቡድን፣ ቀኙን ሌላ ቡድን ነው የሚሠራው። ቀኙ የተሳፋሪ በር አለው፤ ላሜራው እዚያ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ግራው ከሾፌሩ በር እስከ ኋላ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሁለቱ ጎኖች ከመነሻቸው አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም፤ አንድ ዓይነት ጌጥ ከየት ያመጣሉ?

ያስተማረኝ ሰው ጌጦቹን ቆርጦ፣ ጫፋቸውን አጥፎ፣ ከመግጠሙ በፊት በጀርባቸው ላይ ይጽፍ ነበር። «ግ 3» ካለ ከግራ ሦስተኛው ማለት ነው። «ቀ 1» ካለ ከቀኝ በሩ ቀጥሎ ያለው። ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው «ነገ ነቅሎ የሚያጥበው ሰው እንዳይምታታበት ነዋ» አለኝ። የግራው ሦስተኛ በቀኝ ሦስተኛ ቦታ አይገባም፤ ቢገባም ቀዳዳው አይገጥምም። ከአንዱ አውቶቡስ ነቅለህ በሌላው ላይ፣ ያውም በዚያው ሳምንት በዚያው ግቢ በተሠራው ወንድሙ ላይ ልግጠም ብትል አይሆንም።

እንግዲህ ይህ የእኛ አገር ጉድ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን አገር ሞዴና ከተማ ሰርጂዮ ስካሊየቲ የሚባል ቦዲ ሠሪ ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. 250 ጂቲኦ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና 36 ያህል ሲያወጣ ቦዲውን የሠራው የእሱ ቤት ነበር። ስካሊየቲ አሉሚኒየሙን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አጋድሞ በመዶሻ እየመታ፣ በዓይኑ እየለካ ቅርጽ በማውጣት ይታወቃል። ከእነዚያ መኪኖች ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ በሜትር የለካ ሰው ልዩነት ያገኛል። ከፊት ጎማው ኋላ ያለው የአየር መውጫ እንኳ በአንዳንዱ ሁለት ነው፣ በአንዳንዱ ሦስት። ከመካከላቸው አንዱ በነሐሴ ወር 2018 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶለታል። ጨረታው ላይ ተነስቶ «ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፣ ይቀነስልኝ» ያለ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

የጀርመኑ ፖርሽ ነገር ደግሞ ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል። 356 የተባለው ሞዴል የመጀመሪያዎቹ 50 ያህሉ ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ በእጅ፣ በአሉሚኒየም ተሠሩ። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው ወደ ሽቱትጋርት ሄዶ ሮይተር የተባለ ቦዲ ቤት በብረት ይሠራው ጀመር። በሩ፣ የፊት ኮፈኑና የሞተሩ ክዳን በዚያ መኪና ላይ ተሞክረው፣ ተሞርደው፣ ክፍተታቸው በእርሳስ ተሞልቶ ስለሚገጥሙ ለሌላ መኪና አይሆኑም። እንዳይቀላቀሉ በእያንዳንዳቸው ላይ በማይታይ ቦታ የሻንሲው ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች ይመቱባቸው ነበር። ዛሬ 356 የሚገዛ ሰው የእጅ ባትሪ አብርቶ የሚፈልገው እነዚያን አሃዞች ነው። በሩ ከሻንሲው ጋር አንድ ቁጥር ካለው አብሮት የተወለደ ነው፤ ሌላ ቁጥር ካለው ምንም ያህል ቢያምር ከሌላ መኪና የመጣ ነው። የእኛ ሰውዬ በጠመኔ «ግ 3» ብሎ ሲጽፍ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ጠመኔ ይታጠባል፣ የብረት ምት አይታጠብም።

ታዲያ ገዢዎቻችን ለምን እንዲህ ያስባሉ? ዓይናቸው የተማረው በፋብሪካ መኪና ስለሆነ ነው፤ አልፈርድባቸውም። የቶዮታ ኮሮላ ላሜራ በፕሬስ ማሽን ተመትቶ የሚወጣ ነው። በሩን ከሶማሌ ተራ ገዝተህ መጥተህ በብሎኑ ታስረዋለህ፣ ይገጥማል። ድሮ አዲስ አበባን ሞልቷት የነበረው ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶም እንዲሁ ነበር። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የግራው ከቀኙ ከተለየ፣ አዎ፣ ተጋጭቷል፤ ወይም ተቀጥቅጧል፤ ወይም ከሁለት መኪና አንድ መኪና ተሠርቷል። ገዢው ልክ ነው። ያንን ዓይን ይዞ ወደ ቅጥቅጥ ሲመጣ ግን ጤነኛውን በሽተኛ ይለዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሽተኛውን ጤነኛ ማለቱ ነው። ስንት አደጋ ያየ አውቶቡስ ሙሉ ጎኑ በአዲስ ላሜራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጌጥ ተለጥፎበት፣ «ይሄማ ልጅ እግር ነው» ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ።

የፕላስቲኩን ነገር ካነሳሁ አንድ ልጅ ላስታውስ። አባቱ የገዙትን ቅጥቅጥ ተረክቦ ከቦንጋ ጅማ የሚሠራ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ መኪናውንም ይወዳል፤ የኋላ መስታወቱ ላይ የአርሴናል ዓርማና የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እሱ ያውቃል። አንድ ቀን መጣና «ጋሼ፣ ይሄን አሮጌ ጌጥ ንቀልልኝና ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት አድርግልኝ» አለኝ። ጌጡን አየሁት። አምስት መስመር ያለው የድሮ አሉሚኒየም ነው። የኋለኛው ጫፍ ከመብራቱ በላይ ሲደርስ ወደ ላይ ተጠምዝዞ ያልቃል። ያንን ጥምዝ የሚሠራ አንድ ቦዲ ቤት ነበር፤ ከሩቅ አይቼ አውቀዋለሁ። «ይሄ እኮ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው» አልኩት። «እሱማ ነው፤ ግን ሰው ይስቃል» አለ።

ሰው ይስቃል ካለ ምን ይደረጋል? ገንዘቡ የእሱ ነው። ነቀልኩት። ሥሩ ያለውን ስፌት ላሳየው ጠራሁት። ያ ሁሉ ዓመት ዝናብ ሲወርድበት ጌጡ የሸፈነው ቦታ የመጀመሪያው ቀለም እንኳ አልለቀቀም፤ ክሬም ቀለም ነበር፣ አሁን ካለው ነጭ በፊት። ብሎኖቹ የገቡበት ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ ትንሽ ዝገት አለ። ቀዳዳዎቹን ደፈንኩ፣ የገዛውን ፕላስቲክ በሁለት ጎኑ በሚለጥፈው ፕላስተር ለጠፍኩለት። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። አሮጌውን በየጀርባው ጽፌ በጆንያ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

የካፋን መንገድ የሚያውቅ ቀሪውን ይገምታል። ከቦንጋ ተነስተህ ጎጀብ ስትወርድ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፤ ወንዙን ተሻግረህ ወደ ጅማ ስትወጣ ይበርዳል። ማታ ስትመለስ ቦንጋ ዝናብ ይጠብቅሃል፤ እዚህ የማይዘንብበት ወር ፈልጎ ማግኘት ሥራ ነው። ሙጫ በጎጀብ ይለሰልሳል፣ በቦንጋ ይረጥባል፣ በሁለቱ መሀል አቧራ ይጠጣል። ክረምቱ ሳይወጣ ልጁ የአንዱን ጎን ጌጥ በገመድ አስሮ መጣ። ሌላው ጎን ግማሹ የት እንደቀረ አይታወቅም። ከፕላስቲኩ ሥር ውኃ ተኝቶ ስፌቱን መብላት ጀምሮ ነበር። ጆንያውን አውጥቼ፣ ስፌቱን ጠርጌ፣ የደፈንኳቸውን ቀዳዳዎች ከፍቼ፣ ፀረ ዝገት ቀብቼ፣ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ መለስኩት። ቀዳዳ ለቀዳዳ ገጠመ። ልጁ ራቅ ብሎ አየና «አሁንም ዝቅ ብሏል» አለ። «አዎ፣ ስፌቱ ዝቅ ስላለ ነው» አልኩት።

ይህን ያህል ስለ ጌጥ ስከራከር የሙያ ጓደኞቼ ደስ ሊላቸው ይችላል። አሁን የምለው ግን ደስ አይላቸውም።

ጌጥ ቢለያይ ማንም አይሞትም። በቅጥቅጥ ውስጥ ግን ፈጽሞ መለያየት የሌለባቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱም ይለያያሉ። የወንበር እግር አንዱ ነው። ወንበሩ በወለሉ ቱቦላሬ ላይ በብሎን ካልታሰረ፣ በላሜራው ወይም በጣውላው ላይ ብቻ ከተቸነከረ፣ መኪናው በኃይል ሲቆም ሰውየው ከነወንበሩ ወደ ፊት ይሄዳል። ላየው የሚፈልግ ምንጣፉን ገልጦ ይይ። ሁለተኛው የኋላ ርዝመት ነው። ሻንሲው ለጭነት ሲሠራ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ታስቦበታል። አንድ ረድፍ ወንበር ልጨምር ተብሎ ቦዲው ከኋላ ጎማው አልፎ ወደ ኋላ ሲረዝም ጅራቱ ይከብዳል፣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይዋኛል። ባሌስትራ መጨመር ይህንን አያድነውም። ሦስተኛው ፖርቶ መጋላው ነው። ከላይ ቡና በጆንያ፣ ሙዝ፣ ቆጮ፣ አንዳንዴም የቦንጋ በግ በሕይወቱ ይጫናል፤ ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኩርባ ላይ መኪናው ለመተኛት ይቀላል። አራተኛው የውስጥ ጠርዝ ነው፤ ላሜራ ሳይታጠፍ ከተተወ ቢላ ነው። አምስተኛው መውጫ ነው። በሩ አንድ ብቻ ሆኖ መስኮቱም የማይከፈት ከሆነ፣ በሩ ባለበት ጎን የወደቀ አውቶቡስ ሳጥን ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ለቦሎ ስንሄድ ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። መልካም ነው። የአንዱ ቅጥቅጥ ባለቤት የጎኑ ጌጥ ወጥ ስላልሆነ «አስተካክለህ ና» ተብሎ መመለሱን ራሱ ነግሮኛል፤ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የዚያው አውቶቡስ የኋለኛው ረድፍ ወንበር በሁለት ብሎን ብቻ ተይዞ ነበር፤ እሱን ያየ የለም። ጌጡን አስተካክሎ ሄዶ ቦሎውን ለጠፈ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። በእጅ የተሠራን ነገር ስንመረምር ወጥነትን የምንፈልግበት ቦታ ተምታቶብናል።

ስለ ካፋ የሚጽፍ ሁሉ ቡና ሳይጠቅስ አያልፍም፤ እኔም ከመንጋው አልለይ። ማንኪራ ጫካ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁለት የቡና ዛፍ አንድ ዓይነት ሆኖ አያገኝም፤ ቅጠሉም ፍሬውም ይለያያል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ አንዱ ምክንያት ይህ የጫካ ቡና ልዩነት ነው። አንድ ሰው ተነስቶ «ሁሉም አንድ ይሁኑ፣ ይነቀሉና በችግኝ ይተኩ» ቢል ቦንጋ ውስጥ የሚሰማው የለም። ይሁንና ያው የቦንጋ ሰው ቡናውን ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖ ገብቶ ሲቀመጥ በጌጡ ይስቃል።

ነገሩ ለምን አሁን አስቸኳይ ሆነብኝ? አሮጌ መኪና ከእንግዲህ ቶሎ ስለማይቀየር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። እነዚህ ሕጎች ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ የሚለው የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ መኪና በደቻ ጭቃ እንዴት እንደሚሆን ስናይ እንነጋገራለን። እኔ የማውቀው ያለው መኪና ይበልጥ እንደሚጠገን ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቦንጋ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የሚመጣውም የሚሄደውም በዝቷል። ዋጫ፣ ሺሺንዳ፣ ጪሪ፣ ሚዛን፣ ቴፒ የሚሄደው ሰው የሚሳፈርበት ቅጥቅጥ ዛሬ አንድ ቦዲ ለብሷል፤ ነገ ሁለተኛ ይለብሳል። ሁለተኛውን የሚያለብሰው ሰው የመጀመሪያው እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅበት አንድ ወረቀት የለም። ሻንሲው ቁጥር አለው፣ ሞተሩ ቁጥር አለው። ከተሳፋሪው ጋር የሚነካካው፣ ሰውን ከውጭ የሚለየው ቦዲ ግን ስም የለውም። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ወለሉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

እናንተ ቦዲ ቤቶች፣ በሥራችሁ አትሸማቀቁ። ከበሩ ደረጃ በላይ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ በሪቬት ምቱ። ስማችሁን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ በዚያ ዓመት ስንተኛው ቦዲ እንደሆነ፣ የወንበር ልኩን፣ ወለሉ ላይ የተጠቀማችሁትን የቱቦላሬ ውፍረት ጻፉበት። ስሙን የጻፈ ሰው በሁለት ብሎን ወንበር አያስርም። በጌጦቹ ጀርባ ደግሞ በጠመኔ ሳይሆን በፊደል መምቻ የቦዲውን ቁጥር ምቱ፤ ፊደል መምቻ ውድ ዕቃ አይደለም፣ ጊዜውም ከሻይ አይበልጥም። የትራንስፖርት ቢሮዎችም ይህን ሰሌዳ የቦሎ መስፈርት ቢያደርጉት የሚጠፋ ነገር የለም፤ መርማሪው ጌጡን ትቶ ምንጣፉን የሚገልጥበት ምክንያት ያገኛል። ባለቤቶች ሆይ፣ ነቅላችሁ የምትጥሉትን ጌጥ ለቆርቆሮ ሰብሳቢ በኪሎ አትሽጡት። በጀርባው ጽፋችሁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ ቤት ጣሪያ ሥር አስቀምጡት፤ ቦታ አይበላም።

ገዢ ከሆንክ ደግሞ፣ ነገ ቅጥቅጥ ልታይ መናኸሪያ ስትሄድ ባትሪና ሜትር ይዘህ ሂድ። የኋለኛውን ረድፍ ወንበር በሁለት እጅህ ያዝና ነቅንቀው። ምንጣፉን ግለጥ፣ ብሎኖቹን ቁጠር፣ ከየት ላይ እንደታሰሩ እይ። ከኋላ ጎማው መሀል እስከ ጅራቱ ለካ፤ ከፊትና ከኋላ ጎማ መሀል ካለው ርቀት ግማሽ ካለፈ ተጠራጠር። ጣሪያው ላይ ውጣና ፖርቶ መጋላው ከቅስቱ ጋር መበየዱን አረጋግጥ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ክፈት። ይህን ሁሉ ጨርሰህ የቀረህ ነገር የጎኑ ጌጥ ዝቅ ማለት ብቻ ከሆነ ገንዘብህን አውጣና ግዛው።